ያመሰኳል?

የሐጂ እድሪስን ሞት የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከአዘዞ ወደ ከተማ ስመጣ ሹፌሩ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ሲያማርር ቆየና፣ «ዛሬ በአዲስ ዓለም በኩል አልሄድም፤ መንገዱ በለቀስተኛ ተጨናንቋል» አለ። ማን ሞቶ ነው አልሁት። «መኖ ሻጩ ሐጂ ናቸዋ። እኒያ ሁለት ጊዜ የሚጠይቁት» አለና በመስታወቱ አይቶኝ ፈገግ አለ። በጎንደር ከተማ አንድ ላም ያለው ሰው ሁሉ፣ ሁለት ጊዜ የሚጠይቁት ሐጂ ሲባል ማን እንደሆኑ ያውቃል።

እኔ ስደርስ ቀብሩ አብቅቷል፤ እንደ ሥርዓታቸው በዕለቱ ነው የሚቀበሩት። ድንኳኑ ውስጥ ደንበኞቻቸው ተሰብስበው ስለሳቸው ይጫወታሉ። ዕድሜያቸውን በጋሪ የጨረሱት አያ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየሳቡ፣ «በመጨረሻ ጊዜ ጆሯቸው ደክሞ ነበር። ያመሰኳል? ይሉኛል። አያመሰኳም፣ ፈረስ ነው እላለሁ። መኖውን ባስኩላው ላይ ካወጡት በኋላ ደግሞ፣ አያመሰኳም ነው ያልኸኝ? ይሉኛል። ምነው ሐጂ፣ ፈረሴን ስንት ዓመት ያውቁታል!» አሉ። ድንኳኑ ሳቀ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ቶሎ ይጀምራል፣ ቶሎ ያልቃል። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሐጂ ጆሮ እስከ መጨረሻው ደህና እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ ያስጀመርኋቸው እኔ ነኝ።

ሱቃቸው አንዲት ላም ከነጥጃዋ የምታድርበትን ያህል ብቻ ነው የሚሰፋው። በግራ ፉርሽካ፣ በቀኝ ከሳንጃ የሚመጣው ዘይቱ የተጨመቀ የሰሊጥ ፋጉሎ፣ ከኋላ በቆሎ፣ መካከል ላይ ከአባታቸው የወረሷት አሮጌ የሚዛን ባስኩላ፣ ከባስኩላዋ አጠገብ ዱካ፣ ዱካው ላይ ተቀምጠው ሐጂ። ኮፊያቸው ሁልጊዜ የፉርሽካ ብናኝ ስለሚቀመጥበት ነጭ ይሁን ቡኒ ለብዙ ጊዜ አላወቅሁም። አዲስ እህል ሲመጣላቸው የጆንያውን አፍ ፈትተው አይተው አይገዙም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከትተው ከሆዱ ነው የሚያወጡት። «አፉንማ ነጋዴው አሳምሮት ነው የሚመጣ» ይላሉ፤ ራሳቸው ነጋዴ መሆናቸውን ረስተው። ያወጡትን ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰብረው ወደ ብርሃን ይዘው ያዩአታል፣ ከዚያ ይተፏታል። የሻገተ እህል እሳቸው ዘንድ መጥፎ አይባልም። «ታሟል» ነው የሚባለው፣ ልክ ጎረቤት ይመስል።

በሽታውን የሚለዩት በቀለሙ ነው። አረንጓዴ የሆነውን ለማንም አይሸጡም፤ ከከተማ ወጣ አድርገው ጉድጓድ አስቆፍረው ያስቀብሩታል። አንድ ጊዜ አንድ ደላላ፣ «ለላም ነው እኮ ሐጂ፣ ምን ቸገረዎት?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። «ላሟ ዛሬ የበላችውን ነገ ታልባታለህ። ያለብኸውን ለልጅህ በጡጦ ትሰጠዋለህ። እስቲ ንገረኝ፣ ለማን ነው የሸጥሁት?» አሉት። እኔ ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አፍላቶክሲን በሚል ስም ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። ሐጂ ስሙን ሰምተውት አያውቁም፤ ሲያዩት ግን ከበር ላይ ሆነው ያውቁታል። እኔ ስሙን አውቀዋለሁ።

ቀዩ ደግሞ ሌላ ነው። በቆሎው ሲደርስ ዝናብ አልለቅ ካለ ጫፉ ላይ እንደ ሮዝ ያለ ቀለም ይይዛል። ይህን ላምና በሬ በጥቂቱ ከሌላ ጋር ቢደባለቅላቸው ይችሉታል፤ ፈረስ ግን አይችለውም። ሐጂ ይህን የተማሩት በልጅነታቸው፣ ከአባታቸው ሱቅ በተሸጠ በቆሎ ነው። የአያ ፈንታሁን አባት ፈረስ ያንን በልቶ ግንባሩን ግድግዳ ላይ እየደገፈ፣ በአንድ ቦታ እየዞረ ሦስት ቀን ቆይቶ ሞተ። ከዚያው ጆንያ የበሉት በሬዎች ምንም አልሆኑም። አባታቸው ተቀምጠው አሰቡና ልዩነቱን አገኙት፤ በሬው ያመሰኳል፣ ፈረሱ አያመሰኳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሱቅ ማንም ሰው ምንም ቢገዛ በቅድሚያ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል።

«ያመሰኳል?»

ያመሰኳል ካልኸ ከበቆሎው በግራ በኩል ካለው ክምር፣ አያመሰኳም ካልኸ ጥግ ላይ ካለው ንጹሕ ክምር ይሰጥሃል። ዋጋው ያው ነው። አንድ ቀን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቆሎ የሚሆን በቆሎ ሊገዛ ገባ፤ ተሳስቶ ነው፣ መኖ ቤት መሆኑን አላየም።

«ያመሰኳል?» አሉት ሐጂ።

«እኔ ነኝ የምበላው» አለ ልጁ ደንግጦ።

«እንግዲያው ከዚህ አይሆንም። ከዚያኛው ውሰድ» አሉት፣ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት ሳይታይ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የእንስሳት ሕክምና ተመርቄ አንድ ዓመት ሥራ ፈትቼ ከቆየሁ በኋላ የቀጠረኝ ኢንጂነር ፋሲካው የሚባል ባለሀብት ነው። ከፀዳ ጀርባ ቦታ አጥሮ አሳማ ያረባል። አዎ፣ አሳማ፤ ጎንደር ውስጥ። ለውጭ አገር ሰዎች የመንገድ ሥራ ካምፕና ለአዲስ አበባ ሆቴሎች የሚሸጥ ነው። አጥሩ ከእስር ቤት ይበልጣል፤ በሩ ላይ «የእንስሳት እርባታ» የሚል ጽሑፍና የአንዲት ፈገግተኛ ላም ሥዕል አለ። ከላሟ ሥዕል ሌላ በግቢው ውስጥ ላም የለም። ሠራተኞቹ ሁሉ የሚጾሙ የሚጸልዩ ሰዎች ስለሆኑ እንስሶቹን በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም፤ «እነሱ» ነው የሚሏቸው። «እነሱ በሉ?» «እነሱ አንዷ ወለደች።» ኢንጂነሩ ራሱ ስልክ ሲደውልልኝ፣ «እነሱ እንዴት አደሩ?» ይለኛል።

እናቴ የምትኖረው ቁስቋም ነው፤ ቅዳሴው ከቤቷ ይሰማል። ለእሷ የወተት ልማት ላይ ነው የምሠራው አልኋት። ደስ ብሏት ለማኅበሯ ሴቶች ሁሉ አወራች። ከዚያ ፆም ሲፈታ፣ «እስቲ ከላሞችህ ወተት አምጣልኝ» ማለት ጀመረች። እኔም ፀዳ ላሞች ከምታረባው ከእትዬ እናኑ ወተት እየገዛሁ በሌላ ጀሪካን እየገለበጥሁ ወሰድሁላት። እትዬ እናኑ፣ «ምነው ዶክተርዬ፣ የራስህን ላሞች ምን ነካቸው?» ስትለኝ፣ የኛ ወተት በሙሉ በኮንትራት ነው የሚሄደው አልኋት። ውሸት አንድ ጊዜ ከገባህበት ለራሱ ጽሕፈት ቤት ይከፍታል።

እንግዲህ የመጀመሪያ ቀን ሐጂ ሱቅ የገባሁት ለእነሱ በቆሎ ልገዛ ነው። ከኋላዬ እትዬ እናኑ ጆንያዋን ይዛ ቆማለች። እሷ ደግሞ የሰማችውን ከሰዓት በኋላ ቁስቋም ታደርሰዋለች፤ ከእናቴ ጋር ማኅበርተኛ ናት።

«ያመሰኳል?»

«ያመሰኳል» አልሁ።

«ስንት ናቸው?»

«ስድስት።»

ለምን ስድስት እንዳልሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐጂ ግን ለከብት ያላቸው ፍቅር ሌላ ነበር፤ ስማቸውን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ወርቄ፣ ሻሼ፤ የቀሩትን ሁለቱን አሁን ረስቻቸዋለሁ፣ ሐጂ ግን አልረሷቸውም ነበር። በሄድሁ ቁጥር ስለያንዳንዳቸው ይጠይቁኛል። ሻሼን በተለይ ወደዷት፤ የምትዋጋ፣ የምትራገጥ፣ ግን ወተቷ የማያልቅ አድርጌ ስለነገርኋቸው ነው። ሻሼ ወለደች ያልኋቸው ቀን ከውስጥ ገብተው አንድ ትልቅ የጨው ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው መጡ። «ይህን ይዘህላት ሂድ። አራስ ናት» አሉኝ። አልቀበልም ማለት አልተቻለኝም። ጨዉ እስከ ዛሬ የቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ያ ዝናብ አልለቅ ያለው ዓመት መጣ። ከደምቢያ የገባው በቆሎ ግማሹ ቀይ ነበር። ሐጂ ተቀምጠው ለቀናት አስለቀሙት፤ ቀዩ በአንድ በኩል፣ ንጹሑ ጥግ ላይ። እኔ በገባሁ ጊዜ ወደ ቀዩ እያመለከቱ፣ «ይህንን አንድ እጅ፣ ፉርሽካውን ሦስት እጅ አድርገህ ደባልቅላቸው። ላም ናትና ትችለዋለች» አሉኝ።

ቀዩን አይቼዋለሁ። ይህን መናገር አለብኝ። ፍሬውን አንስቼ ጫፉን አይቼዋለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ዚራሌኖን የሚባለውን መርዝ ያስተማሩኝ መምህር አሳማን ከሁሉ በላይ ይጎዳል ብለው ሰሌዳው ላይ የጻፉት ትዝ ብሎኛል። ነገር ግን «ከዚያኛው ስጡኝ» ለማለት «አያመሰኩም» ማለት ነበረብኝ፤ እትዬ እናኑም ባስኩላው አጠገብ ቆማ ነበር። ደግሞ ሁላችንም ልባችን ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ አሳማ ሁሉን ይበላል ተብለን ነው ያደግነው። ሁሉን ይበላል ማለት ሁሉን ይችላል ማለት መሰለኝ። አምስት ዓመት ተምሬ የወጣሁ ሐኪም፣ በሰፈር ወሬ ተማምኜ ሃያ ጆንያ ጫንሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ገና ወንድ ያላዩት ወጣት አሳማዎች ወንድ የፈለጉ ይመስል ብልታቸው አበጠ። ሌሎቹ ምግባቸውን አሸትተው ይተዉት ጀመር፤ የበሉት ያስመልሳቸዋል። ከዚያ እናቶቹ ያልደረሰ ግልገል መጣል ጀመሩ። እኔ መርፌ ወጋሁ፣ ግቢውን በኬሚካል አጠብሁ፣ ወንዱን ለይቼ አሰርሁ፤ ወንዱ ምን እንዳጠፋ እሱም እኔም አናውቅም። የሞቱትን ግልገሎች የሚቀብረው ዘበኛ በአፍንጫው ላይ ሻሽ አስሮ፣ «ዶክተር፣ እነሱም ልጅ ሲሞትባቸው ያለቅሳሉ እኮ» አለኝ። ያን ቀን አልቻልሁም፣ ቢሮዬን ዘግቼ ተቀመጥሁ።

ኢንጂነሩ በቆሎውን አዲስ አበባ ልኮ አስመረመረ። ውጤቱ እኔ የማውቀውን ነገር በማኅተም አረጋግጦ መጣ። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ይዞ ከሚመለከተው ክፍል ሁለት ሰዎች አስከትሎ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄደ፤ እኔንም ጎትቶ። መንገድ ላይ፣ «ከብቶቼ ነው የምንለው፤ ሌላ ቃል እንዳትተነፍስ» አለኝ። ሳይነግረኝም አልተነፍስም ነበር።

ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ኢንጂነሩ ወረቀቱን እያራገበ፣ «ከብቶቼን ጨረሱብኝ! መርዝ ነው የሸጡልኝ!» ይላል። ሐጂ ከዱካቸው ተነሡ። ከቁጣው በፊት የጠየቁት እንስሶቹን ነው።

«ስንት ጣሉ?»

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ። «አሥራ አንድ» አልሁ፤ እውነቱ ከአፌ አምልጦ ወጣ።

«አሥራ አንድ?» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «ስድስት አልነበሩም?»

ጎንበስ ብለው ከቀዩ ክምር አንድ እፍኝ አነሡ። እትዬ እናኑ እዚያው ነበረች፤ ወደሷ ዞሩ። «አንቺም ከዚሁ ነው የወሰድሽው። ላሞችሽ እንዴት ናቸው?»

«ሸጋ ናቸው፣ እግዜር ይመስገን። ወተታቸውም አልቀነሰ።»

ሐጂ በእጃቸው ያለውን በቆሎ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። የአያ ፈንታሁን አባት ፈረስ ታሪክ በዓይናቸው ሲያልፍ አየሁት ብል አልዋሽም፤ በሬው ደህና፣ ፈረሱ ሞተ። ዓይናቸው ወደ ጫማዬ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፤ ሁሉንም አወቁ። ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው መዝገቡን ገልጦ፣ «ለምን ዓይነት እንስሳ እንደሚገዛ ገዢውን ጠይቀዋል?» አላቸው።

አሁን አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትቀረው። «ጠይቄዋለሁ፣ ዋሸኝ» ቢሉ ነጻ ናቸው። እኔም «ዋሽቻቸዋለሁ» ብል ነጻ ናቸው። እኔ ዓይኔን ባስኩላው ላይ ተከልሁ። የአሳማ ሐኪም መባሌ፣ እናቴም በማኅበሯ መካከል ፊቷን የምታደርግበት ስታጣ በሐሳቤ ታየኝ። ያ ሁሉ በዓይኔ ዞረ፤ እሳቸው ግን በፊቴ ቆመው ነበር።

«ጠይቄ ነበር» አሉ ሐጂ። «ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንዲሁ ብለህ ጻፍ።»

ሰውየው ጻፈ። ሱቁ ለአንድ ወር ታሸገ። ከተማው ደግሞ መዝገብ አያስፈልገውም፤ የሐጂ መኖ ከብት ያስጥላል የሚለው ወሬ በዚያው ሳምንት ከአዲስ ዓለም እስከ አዘዞ ደረሰ። ከአባታቸው ጀምሮ የተገነባ ስም በአንድ ሳምንት ፈረሰ። ላም አርቢዎቹ ሴቶች ወደ ሌላ መኖ ቤት ሄዱ፤ አዲስ ቤት ነው፣ የኤሌክትሪክ ሚዛን አለው፣ ምንም አይጠይቅም። እናቴም ሰማች። «ያ ሰውዬ የልጄን ላሞች ጨረሰ አሉ፤ እግዜር ይይለት» አለች፣ ከእትዬ እናኑ የገዛሁላትን ወተት እያፈላች።

ሱቁ በታሸገ በሦስተኛው ቀን ሐጂ ቤት ሄድሁ። ግቢያቸው ውስጥ የወንፊት ቀዳዳ በሽቦ እየጠገኑ ነበር፤ ሱቁ ታሽጎም ሥራ አላጡም። «ሐጂ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኋቸው።

እጃቸውን አነሡ። «ምን እንደሆኑ አትንገረኝ።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው።»

«ያን ጊዜ ብትነግረኝ ሥራ ነበር፤ ከዚያኛው እሰጥህ ነበር። አሁን ብትነግረኝ ሸክም ነው። ሰው ይጠይቀኛል፣ እኔ ደግሞ ውሸት አይሆንልኝም።» ሽቦውን ጠምዝዘው በጥርሳቸው ቆረጡት። «በቆሎውን አቆምህ?»

«አቁሜያለሁ።»

«ገንዳውንስ? ጥጉ ላይ የተጣበቀው ይቀራል እኮ። አስፋቅኸው?»

አላስፋቅሁትም ነበር። ያን ያህል መጽሐፍ አንብቤ ገንዳ መፋቅ አላሰብሁም። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ሳያዩኝ፣ «ስንት ግልገል ሞተ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ወንፊቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። በእምነታቸው የማይነኩትን፣ ስሙን እንኳ ሊሰሙት የማይፈልጉትን እንስሳ ልጆች ነው የነገርኋቸው፤ ማወቃቸውንም አውቃለሁ። «ሆድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሆድ ምን አጠፋ? የሰጡትን ነው የሚቀበል።» ከዚያ ሻይ እንድጠጣ ልጃቸውን ዘይነብን ጠሯት።

ገንዳው ተፋቀ፣ መኖው ከአዲስ አበባ በመኪና መምጣት ጀመረ፣ እነሱም ቀስ በቀስ አገገሙ። ሐጂም ሱቃቸውን ከፈቱ። ደንበኛው እንደ ድሮው ባይሆንም አያ ፈንታሁንና ባለ ጋሪዎቹ አልተለዩአቸውም። እኔ ወደዚያ የምሄድበት ምክንያት ስላልነበረኝ ምክንያት ፈጠርሁ፤ ለእናቴ አምስት ዶሮ ገዛሁላትና ለዶሮዎቹ ፉርሽካ እየሸመትሁ እመላለስ ጀመር።

«ያመሰኳል?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

«አያመሰኳም። ዶሮ ነው» አልሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ የተናገርሁት እውነት የለም።

ፉርሽካውን ባስኩላው ላይ አወጡ። ሚዛኑን በእጃቸው ይዘው ቀና ብለው አዩኝ። «አያመሰኳም ነው ያልኸኝ?»

ለሁሉም እንደዚያ ነበር ከዚያ ወዲህ። ለተማሪው፣ ለባለ ጋሪው፣ ለአርሶ አደሩ፣ አንዱን ሰው በአንድ ግዢ ሁለት ጊዜ። ሰው መጀመሪያ ተገረመ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በኋላ ስም አወጣላቸው። እርጅና ነው ተባለ። እኔ በሰማሁ ቁጥር መሬቱ ቢከፈትልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስለ ሻሼ ግን ዳግመኛ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ከሞቱ ከሁለት ወር በኋላ መንገድ ተዘጋ። የአዲስ አበባው መኪና ሳይመጣ አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ኢንጂነሩ በስልክ፣ «ከየትም ብለህ እነሱን አብላልኝ» አለኝ። ያ ባለ ኤሌክትሪክ ሚዛን ቤት ሄጄ እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ከተትሁ። ከሆዱ ያወጣሁት በቆሎ ጫፉ ቀይ ነበር። ሻጩ፣ «ጥሩ ነው፣ ምን ሆነ?» አለኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ያን ዕለት ያልተጠየቅሁት ነገር እንደዚያ ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አዲስ ዓለም ሄድሁ። ዱካው ላይ ዘይነብ ተቀምጣለች፤ ሒጃቧ ጫፉ ፉርሽካ ነክቶታል። አያ ፈንታሁን ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ። እትዬ እናኑ ደግሞ ፋጉሎ እየመረጠች ነው፤ እሷም ከኤሌክትሪኩ ሚዛን ተመልሳ መጥታለች። ሦስቱንም በበሩ ሳይ ተመልሼ መውጣት አማረኝ።

«እንኳን ደህና መጡ ዶክተር። ምን ልስጥዎ?»

«በቆሎ። ሃያ ኩንታል።»

«ያመሰኳል?»

የአባቷን ድምፅ አልነበረውም፤ የራሷ ቀጭን ድምፅ ነው። ጥያቄው ግን እዚያው ሱቅ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሲጠብቀኝ የኖረው ነው።

«አያመሰኳም» አልሁ። «አሳማ ነው። ድሮም አሳማ ነበር። ላም ኖሮኝ አያውቅም። አባትሽን የዋሸኋቸው እኔ ነኝ፤ በቆሎው ለላም እንጂ ለአሳማ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፣ የጠየቁኝም ለዚህ ነው። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም።»

አያ ፈንታሁን ቀና አሉ። «እንግዲያ ጆሯቸው…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አደረጉ። እትዬ እናኑ ፋጉሎውን ከእጇ አስቀመጠች።

«እኔስ ገርሞኝ ነበር!» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ወተት የሚገዛ የወተት ሐኪም!»

ከሰዓት በኋላ እናቴ ጋ እንደሚደርስ አወቅሁ፤ ከዚያ በፊት ራሴ ሄጄ ልነግራት ይገባኛል አልሁ በልቤ። ዘይነብን አየኋት። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ አልቻልሁም። አባቷ ያን ወር በታሸገው በር ሲያልፉ አይታቸዋለች፤ የከተማውን ስላቅ ሰምታለች፤ ልታስወጣኝ ይገባት ነበር። ከሒጃቧ ጫፍ ፉርሽካውን አራገፈች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ግራው ክምር አመለከተች።

«እንግዲያው ከዚህ አይሆንም» አለች። «ከዚያኛው ይውሰዱ።»

ይኸው ነበር። ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር፣ አንድ ሰው ስሙን ያጣበት፣ ግልገል የሞተበት፣ ይህችን ያህል ነበረች። ሐጂም ያን ጊዜ የሚሉኝ ይህንኑ ነበር፤ አንድም ቃል አይጨምሩም ነበር።

ጥጉ ላይ ካለው ንጹሕ ክምር የመጀመሪያው ጆንያ ሞልቶ ባስኩላው ላይ ወጣ። ዘይነብ የሚዛኑን ዘንግ በእጇ ያዘች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አያመሰኳም ነው ያሉኝ?»

የመጀመሪያውን መመለስ ችዬ ነበር። ይኸኛው ግን የኔ ጥያቄ ነው፤ እኔ ነኝ ለዚህ ሱቅ ያወረስሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁላት። ዘይነብ ዘንጉን አልለቀቀችም። በአፌ እስክናገር ቆማ ጠበቀችኝ።

«አያመሰኳም» አልሁ።

ያን ጊዜ ሚዛኑን ለቀቀችው።